የውሃው ፖምፓ

ሱቋ ታፔላ የለው፣ ደጃፉን ያየ የለም፤
በስልክ ነው የምትሸጠው፣ መልኳንም አናውቀውም።
ፎቶው ላይ መዳፍ ብቻ፣ ጥፍሩ ግራሶ የጠጣ፣
መሃሉ ላይ ኩሽኔታ፣ ገና ከካርቶን የወጣ፤
ከሥሩም አጭር ጽሑፍ፦ «ኦሪጅናል አይደለም፤
ግን አያሳፍራችሁም። ዋጋው ግማሹን አይሞላም።»

ግንቦት ነው። ጅረን ዳገት ላይ ሚኒባሴ ቀጥ አለች፣
ኮፈኗን ስከፍተው እንፋሎት ፊቴ ላይ ተፋች።
መኪና ሲቆም መቼም ሰው ሁሉ መካኒክ ነው፤
አንዱ «ራዲያተር» ይላል፣ አንዱ «ጓርኒሲዮኑ ነው»፤
አንዲት አሮጊት ብቻ፣ ከኋላ ወንበር ሳይወርዱ፣
«ውሃ ጠምቷት ነው» አሉና ወደ ሙስበሃቸው ሄዱ።
ልክ ነበሩ።
የውሃ ፖምፓዋ ነው የሞተው።

ያን ሌሊት ጻፍኩላት፣ የዕቁብ ብሬን ላክሁ፤
«ሐሙስ በአውቶቡስ ይገባል» አለችኝ፤ አመንኩ።
ሐሙስ አለፈ።
አርብ ረዳቴ ሙዘይን ከሰው መኪና በር ላይ
ተንጠልጥሎ ሲጮህ ሰማሁ፦ «አጂፕ! አጂፕ! አንድ ሰው!»
ሚስቴ በሌላ ቤት ስትስቅ የሰማሁ ያህል ቆረጠኝ።

ማታ መልእክት መጣ፦
«ወንድሜ፣ ፖምፓህ ገብቷል፤ ግን ለሌላ ሰጠሁት።
የሰቃ ጤና ጣቢያ አምቡላንስ መንገድ ላይ ቆማ
ወላድ በቃሬዛ ሲያወርዱ፣ በዝናብ፣ አየኋቸው።
የሞተራችሁ ዓይነት አንድ ነው።
ብርህን ካልክ አሁኑኑ፤ ከታገሥከኝ ማክሰኞ።
አስቀይሜህ እንደሆን፣ አፉ በለኝ።»

አፉ አላልኩም። እኔ ምኔ ጻድቅ ነው?
በሰው ላብ፣ በሰው ዕቁብ፣ ገነት የሚገዛው ማነው?
ጠይቄ ጠይቄ ቅዳሜ ቤቷን አገኘሁት፣
መንደራ፣ ከጣውላ ቤቱ ጀርባ፤ በሩን በእግሬ መታሁት።

ኑሪቱ ትባላለች። በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች።
መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ሚኒባስ ሥር
ጀርባዋን አስተኝታ፣ ሻሿን ወደ ኋላ አስራ፣
የእጅ ባትሪ በጥርሷ ነክሳ ብሎን ትፈታለች።
አንድ ልጅ መዳፉን ኮፈኑ ላይ ለጥፎ ቆሟል፤
ሞተሩ ሲነሣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ቆየ፣
ራሱን ነቀነቀ፦ ገና ነው።
እኔ ጆሮ ያለኝ ምንም አልሰማሁም ነበር።
እሷ ግን አመነችው፤ ተመልሳ ገባች።

ግድግዳው ላይ ያለቀለት ብረት በሽቦ ተንጠልጥሏል፣
በጠመኔ ስም ተጽፎበት፦ «የኮቺ ዕድር ሬሳ መኪና»፣
«የሸቤ ወፍጮ»፣ «የአዌቱ ድልድይ ሠራተኞች አይሱዙ»።
ዳር ላይ የተሰነጠቀ ፖምፓ፣ ዝገቱ ገና እርጥብ።
«ይሄን ሁሉ ማን ይከፍላል?» አልኳት፣ ለጠብ መግቢያ እንዲሆነኝ።
ከሥር ሆና፣ ባትሪውን ከጥርሷ አውጥታ፣
«ከምሸጠው ዕቃ ሁሉ አሥር አሥር ብር። አንተም ከፍለሃል፣
ባለፈው ካንዴላ ስትገዛ።
በል አሁን ይቺን ባትሪ ያዝልኝ።»

ያዝኩላት።
ጠቡ ጉንጬ ውስጥ እንደ ጫት ተወጥሮ ቀረ፣
አልተዋጠ፣ አልተተፋ።
ልጁ «በቃ» ብሎ አውራ ጣቱን እስኪያነሣ ድረስ
ክንዴ ዛለ።

ማክሰኞ ፖምፓዬ መጣ። ሳንቲም አልቀነሰችልኝም።
አራት ቀን ሙሉ ቆሜያለሁ፤ እሱን ዛሬም አልረሳሁም፤
የዕቁቡ ዳኛም የቅጣቱን ብር ይቅር አላለኝም።
ግን አምቡላንሷ በሰቃ መንገድ ስትመጣ፣
ሌላው ሹፌር ጩኸቷን ሰምቶ ዳር ሲይዝ፣
እኔ መስኮቴን ዝቅ አድርጌ ሞተሯን አደምጣለሁ፣
ውሃው ይዞር እንደሆን።
ሙዘይን (ተመልሷል፣ ሳይጠሩት)
«ምን ትሰማለህ?» ይለኛል።
«ዝም በል» እለዋለሁ፣
«ፖምፓዬ እያለፈ ነው።»