መልስ

አርባ ዓመት በጅምላ ጫማ ስንሸጥ ኖረን፣
ማን እንደሚጫማው አንዴም ሳናውቅ ቀረን፤
ካርቶን በካርቶን ላይ ለነጋዴ ሄደ፣
ከፌልጌይራሽ ወጥቶ ዓለም ላይ ነጎደ።

ዘንድሮ ኤልቪራ፣ የባለቤቱ ልጅ፣
ኢንተርኔት ላይ ከፈተች ሱቅ ያለ በር፣ ያለ ደጅ።
ጫማውን በመስኮት ብርሃን ፎቶ አነሳችው ደጋግማ፣
እንደ ሙሽራ ተኳለ የማውቀው ድሃ ጫማ።
«ፊርሚኖ፣ ነጋዴው ይብቃን፣ ለእግሩ ባለቤት እንሽጥ!»
ሺህ ያሰረ ጣቴ ላንድ ጥንድ ሲንቀጠቀጥ፣
አድራሻውን ጻፍኩት፤ ስም ያለው ሰው፣ ቁጥር ያለው ቤት፤
ዴንማርክ፣ ባሕር ዳርቻ፣ ቲልዳ የምትባል ሴት።

ሙሽራዬ በሳምንቱ ዞሮ መጣ ቤቱ ለመልስ፣
ካርቶኑ ጥጉ ፈርሶ፣ ወረቀቱ ብጥስጥስ።
«ግራው ጠቦኝ ነበር» ትላለች፤ «ተረከዜን ላጠኝ።»
ኤልቪራን ከፋት ኪሳራው፤
እኔን ግን ደስታ ናጠኝ።

ገልብጬ ሳራግፈው ጠረጴዛዬ ላይ፣
ጥቂት አሸዋ ፈሰሰ፣ ግራጫ ነው፣ እርጥብ መሳይ።

አርባ ዓመት ስልክ፣ ስልክ፣ መልስ መጥቶልኝ አያውቅም፤
ሥራ አልቆ መብራት ጠፋ።
አሸዋውን ግን አልጠርግም።