የጓዳው ቧንቧ

ስድሳ ሁለት ካሬ ናት፣ ከነግድግዳዋ ውፍረት፣
ሐዴራ፣ ጊቫት ኦልጋ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌላት ቤት፤
አምስት ነፍስ እናድርባታለን፣ በአንድ መታጠቢያ፣
ጠዋት ደጁ ላይ ስንሰለፍ እንደ አውቶቡስ መጠበቂያ።

ሞሪያ ከውትድርናዋ በክረምት ተመለሰች፣
ሻንጣዋን ኮሪደሩ ላይ ከጫማ ጎን አስቀመጠች፤
ሦስት ወር ሳትፈታው፣ ሶፋው ላይ እያደረች፣
አባ ቢያድግልኝ ለጸሎት ሲነሱ አብራ እየነቃች፣
"ምንም አይደል" ትላለች።
እኔ ነኝ ያስተማርኳት፤ "ምንም አይደል"ን ከነዜማው።

ባሌ አንድ ማታ ሜትሩን ዘርግቶ፣ ወለሉ ላይ ተደፍቶ፣
በልጁ የሒሳብ ደብተር ቤቱን በእርሳስ ለክቶ፣
"ማድ ቤቱ ሳሎን ይውጣ" አለኝ፣ "ጓዳው መኝታዋ ይሁን፤
ይቺ ግድግዳ ትነሳና ቤቱ ይተንፍስ አሁን።"
በላጲስ ሁለቴ ፈገፈጋት፤ ጠፋች።
ወረቀት ላይ ግድግዳ ምን ያህል ቀላል ነች!

እሑድ ግሪሻ መጣ፣ መዶሻውን አንጠልጥሎ፤
ግድግዳዋን በጣቱ አንኳኳ፣ ጆሮውን እንደ ሐኪም ጥሎ።
"ባዶ ናት" አለ፣ "ምንም አልተሸከመች።"

አባ ቢያድግልኝ፣ ጎንደር እያሉ ስንት ቤት ያቆሙ፣
ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ተክለው ቀና ብለው ቆሙ፤
"ምሰሶው የቱ ነው?" አሉ። ኔታንኤል ተረጎመ።
ግሪሻ ፈገግ ብሎ የቀሩትን ግድግዳዎች በመዶሻው ቆጠረ፣
ይቺን ብቻ ዘለለ።

እኔ ግን ምን እንደተሸከመች አውቃለሁ።
እናቴ ጎንደር እንደተቀበረች በስልክ የሰማሁ ለት፣
ባሌ ከፋብሪካው የተሰናበተ ለት፣
ሞሪያ ወደ ድንበር የወጣችበት ሌሊት፣
ከኋላዋ ቆሜ ቧንቧውን እስከ ጥጉ ከፍቼ፣
የታጠበ ሳህን ነው ያጠብኩት፣ ደጋግሜ አንስቼ።
ሳሎን ያለ እንግዳ "ምነው ዓይንሽ?" ሲለኝ፣
"ሽንኩርት ነው" እላለሁ።
ሽንኩርት የገባበት ወጥ የለም።

"አፍርሱት" አልኩ።

አንድ ቀን አልፈጀም። አቧራው እስከ ጎረቤት ወረደ።
ስባሪው ላይ ቀለም በቀለም ተነባብሮ ታየ፤
የእኛ ነጭ፣ ከሥሩ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ደግሞ ሰማያዊ።
ከእኔ በፊት እዚህ ቆመው ሳህን ያጠቡ ሴቶች
ስንት ናቸው? በምን ቋንቋ ነበር "ሽንኩርት ነው" ያሉት?

በቆመችበት ንጣፍ የለም፤ አሸዋና ጥቁር ሲሚንቶ፣
ስንዝር የሚሆን ጠባሳ፣ ሳሎኑን ለሁለት ከፍሎ።
የድሮውን ዓይነት ባሌ ከሐዴራ እስከ ያፎ ፈልጎ አጣ፤
ግሪሻ ከሌላ ሰው ቤት የተረፈ ግራጫ አመጣ።
ኔታንኤል እንደ ወንዝ ይዘለዋል።
አባ ቢያድግልኝ ግን እዚያ ሲደርሱ ይቆማሉ፤
በሩ በነበረበት ዞረው፣ ጎንበስ ብለው ይገባሉ።

አሁን ከደጅ የገባ ሁሉ ድስቴን ከነክዳኑ ያያል፣
ዘይት ሲያልቅ ያያል፣ ሽሮ ሲያንስ ያያል፤
ገበናዬ ሳሎን ወጥቶ ከእንግዳ ጋር ተቀምጧል።
እርግጥ ብርሃን ገብቷል። በመስኮቱ አሻግሬ
የኃይል ማመንጫውን ጭስ ማውጫ አያለሁ፣
ከጎኑም ጣት የምታህል ባሕር።
ባሌ ለመጣው ሁሉ ያሳያል፤ "አየህ? ሰፋ!" ይላል።

ሰፍቷል። እውነቱን ነው።

የሞሪያ አልጋ የድሮው ማጠቢያ ከነበረበት ነው፣
ከትራሷ በላይ የቧንቧው አፍ በቀለም እንደተደፈነ ነው።
በርም አላት፣ ቁልፍ ያለው።

ትናንት ሌሊት ውሃ ልጠጣ ተነስቼ
ከበሩ ወዲያ ሰማኋት። ትራስ ውስጥ የታፈነ፤
እናት ላልሆነ ሰው ሳል ይመስለዋል።
ላንኳኳ እጄን አነሳሁ። መለስኩት።
በጨለማ ጠባሳውን ተሻግሬ
አዲሱን ቧንቧ እስከ ጥጉ ከፈትኩት።

"ማነው?" አሉ አባ ቢያድግልኝ ከአልጋቸው።
"እኔ ነኝ" አልኩ፣ "ሳህን ነው።"
ማጠቢያው ውስጥ ሳህን አልነበረም።