ግድፈት

ማክሰኞ፣ ከቀትር በፊት፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ፣
መስታወቷን ከማይክሮስኮፑ ሥር አኖርኳት ሳልተነፍስ።
ቁጥር እንጂ ስም የላትም፤
ግን የማን እንደሆነች እኔን አታታልለኝም፤
በሰም ታሽጎ የመጣውን፣ ከጸጉር አሳስቼ የቆረጥኩት፣
የእትየ ፈንታነሽ አንጀት ነው፣ በእጄ ያቀለምኩት።

አባብየ፣ መሪጌታ ይዘንጋው፣ የልደታ መጽሐፍ አራሚ ነበር፤
«ጸሐፊስ ያንቀላፋ» ይል ነበር፣ «አራሚ ነው ሳይተኛ የሚያድር።»
ብራናውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ጣቱን በመስመር እየነዳ፣
የተደገመች ቃል ሲያገኝ
በካራው ጫፍ ፍቆ ያነሳታል፣ ቆዳው ሳይጎዳ።
እፍ ይልበታል። ከዚያ በዚያው በጥቁር ቀለም
የሚገባውን ይጽፋል፤ ያረመውን ማንም አያይም።

በሰው ገላ ውስጥም እንዲህ ያሉ አራሚዎች አሉ፤
ፕሮቲን እንላቸዋለን። ዲኤንኤ ሲገለበጥ እግር በእግር የሚከተሉ፣
ያልገጠመ ፊደል ዳብሰው አግኝተው ቆርጠው የሚጥሉ፣
በማህፀን፣ በጨጓራ፣ በአንጀት ሽፋን፣ ሰንበት በዓል ሳይሉ።
ካሉ፣ መስታወቴ ቡናማ ይሆናል፣ እንደ ክረምት መግቢያ የአንገረብ ውሃ፤
ከሌሉ ሰማያዊ፤ የሚያምር፣ የሚያስፈራ፣ ሰው የሌለበት በረሃ።

ሰማያዊ ነበር።
ዳር ላይ ያሉት ጤነኛ ሴሎች ብቻ ቡናማቸውን ይዘዋል፤
«ማቅለሚያሽ አልተሳሳተም» ብለው ይመሰክሩብኛል።

አጎቴ ጓዴ በአርባ አራት፣ እናታችን በአርባ ስምንት፤
የአያታችንን ዕድሜ የያዘ የለም፤ «ሆዷን ነው» ብቻ ነው የተባለላት።
ሰፈሩ አንዴ መተት ነው አለ፣ አንዴ የድሮ እርግማን፤
ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጥር አገር፣ ለበሽታ የቆጠረው ማን?

አንድ ቀን አባብየ ከአለፋ የመጣ ገድል ገልጦ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ዋጠ።
መስመር ጎድሎታል። ከእሱ የተቀዱት አምስቱም ያችኑ መስመር ዘልለው ጻፉ፤
ካህናቱ መቶ ዓመት ግድፈቱን በመልካም ዜማ ሲያነቡ ኖሩ።
«ገልባጮቹማ» አለኝ፣ «ያገኙትን ሰጡ፤ ምን አጠፉ?»

እናቴም ያገኘችውን ነው የሰጠች፤ ከሁለት ቅጂዋ አንዱን፣
የትኛውን እንደሆነ ሳታይ፣ ለእያንዳንዳችን።
ደህነኛው ደርሶኝ እንደሆን ወይ መስመር የጎደለው፣ አላውቅም።
አንዱ ቢጎድል ከአባት የመጣው ይሸፍናል፤
እሱ ራሱ አንድ ቀን፣ አንዲት ሴል ውስጥ፣ እስኪቀደድ ድረስ ነው እንጂ፤ ከዚያ ወዲያ አራሚ የለም።
ፈንታነሽ ብለው ሲሰይሟት ፈንታዋን ማንም አላየላትም።

አሁን አዘዞ፣ ሱቋ ውስጥ፣ ጨርቅ በክንድ እየለካች ናት፤
ትልቋ ልጇ ውባንቺ ዘንድሮ ሃያ ሁለት ሞላት።
ስልኩን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። አነሳሁ። ምን ብዬ ልጀምርላት?
«በጊዜ ከተገኘ ይቆረጣል፤ ልጆቹ በየዓመቱ ይታያሉ፤ እርግማን አይደለም፤ ይታወቃል፤»
ለሰው ሁሉ እንደ ውሃ የምለው ነው፤ ለእህት ሲሆን ጉሮሮ ይዘጋል።

ከመሳቢያው አንድ ባዶ ቅጽ አወጣሁ።
ሐሙስ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና አለ፤ የእኔም ደም ይሂድ አልኩ።
ስሜን ስጽፍ፣ ሠላሳ ዓመት የጻፍኩትን ስም፣ አንድ ፊደል ዘለልኩ።
አየሁት።
ካራ የለኝ፣ ብራናም አይደል፤ በእስክሪብቶ ሰረዝኩና ከላይ ጻፍኩት፤ መስመሩ ይታያል።
አባብየን አልሆንኩም። እርማቴ ያስታውቃል።