ክሊራንስ

በአንድ ወረቀት ላይ አስራ አንድ ባዶ መስመር፤
አስራ አንድ ፊርማ ለቀማ ሲጀመር
ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ነው፣
የቦዬ ጭጋግ ገና ከሳሩ ያልተነሳው።

መጀመሪያ ቤተ መጻሕፍት።
ወይዘሮ ዘሃራ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው
ስሜን መዝገቡ ላይ በጣታቸው ፈለጉ፤
«አንድ የስታቲስቲክስ መጽሐፍ። መልሰሃል።
ሌላ የለብህም» አሉና ፈረሙ።

የለብኝም?
የመዝጊያው ደወል ካለፈ በኋላ
የእኔን ጠረጴዛ መብራት ሳያጠፉ
ሹራብ እየሠሩ የጠበቁኝ ሌሊት
በየትኛው ካርድ ላይ ተጻፈ?

ከዚያ ካፌ።
ቲከሩ ተማም፣ የሚል ካርዴን ወደ መስኮቱ አንስቶ
በቀዳዳዎቹ አሾልኮ አየኝ፤ እንደ ወንፊት።
«ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ አንድም ሳትዘል በልተሃል፤
ሽሮውን ስታማ ኖረህ ሽሮው አሳድጎሃል።»
ካርዴ የጠፋ ሳምንት ግን በኦኬሎ ካርድ ነው የበላሁት፤
«ጾም ላይ ነኝ» አለኝ፤ የምን ጾም እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁት።
ተማም ያን ቀን ፎቶውን አየ፣ ፊቴን አየ፣
ከዚያ ጣሪያውን አየ፣
ካርዱን በሳው።

ክሊኒክ።
«ወባ ሁለቴ፣ ታይፎይድ አንዴ፣ ጨጓራ ዘጠኝ ጊዜ።»
ሲስተር አስካለች ቀና ብለው
«ዘጠኙም በፈተና ዋዜማ» አሉ።
እንዳልሰማ ሆንኩ። ፈረሙ።
ስፖርት ክፍል ኳስ ነክቼ አላውቅም፤
እያዘኑ ፈረሙልኝ።

ብሎክ አራት ጋ ጋሽ አባቢያ ዝርዝሩን ያነባሉ፦
ፍራሽ አንድ፤ አለ።
ብርድ ልብስ አንድ፤ አለ፣ ጫፉን ምድጃ ቢልሰውም።
ቁልፍ አንድ፤ አለ።
ዣንጥላው?
ዣንጥላው ዝርዝሩ ላይ የለም።

ከሸዋሮቢት፣ ከሙቀት አገር፣ በአንድ ሸሚዝ መጥቼ
የጅማ ዝናብ በር ላይ ይዞ እንደ ጨርቅ ሲጨምቀኝ
«ና ያዝ፣ እዚህ ሰማዩ በቀጠሮ አይሠራም» ብለው
አንድ ሽቦው የተሰበረ ጥቁር ዣንጥላ
ከአልጋቸው ሥር ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው።
አራት ዓመት።
ፈረንጅ አራዳ ድረስ ፎቶ ኮፒ ፍለጋ፣
ሐሙስ ሐሙስ ሕርማታ፣ አቮካዶ ለመግዛት፤
አንድ ቀን ደግሞ ከነቢሃ ጋር
ከሬጅስትራር እስከ ሴቶች ዶርም በር፣
ሁለት መቶ እርምጃ፣ ግራ ትከሻዬ ረጥቦ፣
አንዲት ቃል ሳልናገር።

«ይኸው ጋሽ አባቢያ።»
«የኔ መሰለህ እንዴ? አንድ የጅግጅጋ ልጅ ትቶልኝ የሄደው ነው፤
እሱም ከሌላ ነው የወረሰው። ማን እንደገዛው አላህ ይወቅ።»
ፈረሙ። ዣንጥላውን በእግራቸው ገፋ አድርገው
ወደ አልጋው ሥር መለሱት።
«መስከረም ላይ ደግሞ የደረቅ አገር ልጅ አይጠፋም።»

በመጨረሻ ሬጅስትራር። ማህተሙ ዱብ አለ፦
ዕዳ የለበትም።

ስወጣ ዘነበ።
መቼስ ይዘንባል፤ እጄ ባዶ ነዋ።
ወረቀቱን ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ ሮጥኩ፣
ባጃጆቹ ሁሉ ሰው ጭነው አለፉኝ።
መናኸሪያ ደርሼ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ስገልጠው
ሐምራዊው ቀለም ፈሷል፤
ዘሃራ ተማም ላይ፣ ተማም አባቢያ ላይ ተደግፈው
አስራ አንዱም ፊርማ አንድ ሰው ሆኗል።
ከማህተሙ ሳይሟሟ የተረፈው
አንድ ቃል ነው፣ የመጀመሪያው።
ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ እፍ እያልኩበት ሳለ

«ሂሳብ፣ ወንድሜ» አለኝ ረዳቱ።