ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ

የካፔልን ዳገት ስንወጣ በመኸር፣
ስንዴው ከኋላችን፣ ከፊታችን አፈር፣
ከሁለት ወደ ሦስት ልትሻገር ስትል
ፒካፓችን ቆማ ታስባለች በውል።
ሞተሯ ይጮኻል፣ ጎማው አይሰማውም፣
እሺም አላለችን፣ እምቢም አላለችም።

«ለስላሳ ናት እኮ!» ይላል ባሌ ታራስ፣
«ማርሽ ትለውጣለች ጠብታ ሻይ ሳይፈስ።»

ያን ልስላሴማ እኔም አውቀዋለሁ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት አግብቼው ኖሬያለሁ።
ከወንድሙ ከኦስታፕ ባንድ አጥር ተኳርፎ፣
«በረዶው ይሂድና...» ሰባት በረዶ አልፎ፣
ስልኩን ያነሳና ቁጥሩን ይነካና
ሳይጠራ ይዘጋል፤ «ነገ ነው» ይልና።

ቅዳሜ ኮፓውን ፈታሁት።
ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት
የከረመ ሻይ መስሎ ወረደ፣ እንዳረረ ቂጣ ሸተተ።
ጣቴን ነክሬ አፍንጫው ሥር ያዝኩለት፦
«አሽትት። የልስላሴህ ሽታ ይሄ ነው።
ፍሪሲዮኑ ልያዝ አልያዝ እያለ ሲንሸራተት
ነደደ እንጂ አልተመቸውም።
የተመቸህ አንተ ነህ።»

እኔ ከሥር ተንጋልዬ፣ እሱ ባትሪ ይዞልኝ፤
ባትሪው እሱ ወዳየበት እንጂ
እኔ ወደምሠራበት አያበራም።
የቫልቭ ቤቱን አወረድኩ፣ የጉንዳን ጎዳና፣
ቦዩ ተጠማዞ ቦይ ይወልዳልና።
በሳህኑ ብረት ሁለት ቀዳዳ አሰፋሁ፣
የደከመውን ሞላ በብርቱ ሞላ ተካሁ።

«ሞላልሽ?» አለኝ ከላይ።
ስቆጥር ጎደለ።
ሽንብራ የሚያክሉ ሰባት የብረት ፍሬዎች ነበሩ፤ ስድስት ናቸው።
መጥረጊያ፣ ማግኔት፣ ጉልበት፣ ስድብ፤
ድመቷንም ጠረጠርናት።
በመጨረሻ ከሱ ሱሪ እጥፋት ተንከባላ ወጣች።
ስንቴ ይሆን የጎደለኝን
አብሮኝ ሲፈልግ አምሽቶ
እሱው ላይ ያገኘሁት?

አዲሱን ዘይት ሞላሁ፣ እንደ ቀይ ሥር ሾርባ።
ጎኗን መታ አድርጌ፦
«በይ እንግዲህ፣ እመቤት፣ ይብቃ መለሳለስ፣
ማርሽ መሮኛልና እስከ ጉሮሮዬ ድረስ፤
ስትይዢ ያዢ፣
ስትለቂ ልቀቂ።»

ሞከርናት።
አንደኛ። ሁለተኛ፣ በር እንደተወረወረ።
ሦስተኛ፦ ድው!
የታራስ ቆብ አፍንጫው ላይ፣
ሻዩ ጭኑ ላይ።
«ሰይጣን!» አለ። ከዚያ ሳቀ፣
ከሠርጋችን ወዲህ ያልሰማሁትን ሳቅ።
ቆቡን ሳያቃና፣ መስቀለኛው ላይ ስንደርስ፦
«ወደ ግራ» አለኝ።

ግራው የኦስታፕ ነው።
«እርግጠኛ ነህ?» ምላሴ ላይ ነበረች፤ ዋጥኳት።
መሪውን አዞርኩ።
ለምን እንዳለው እስከ ዛሬ አላውቅም፤
ሻዩ አቃጥሎት ይሆናል።

ውሻ ጮኸ። የበረንዳው መብራት በራ።
ታራስ በሩን ከፈተ፤
አንድ እግሩ ጠጠሩ ላይ፣
አንድ እግሩ ፒካፓ ውስጥ።

ሞተሩን አላጠፋሁም።