ካባ

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልት የተወው፣
ሐይቅ አለን እኛ ሰፈር፣ ካርታ የማያውቀው።
ጥልቀቱን ጠይቁኝ። ሌላ ሰው አያውቅም።
እኔ ነኝ የቆፈርሁት። ማንም አይጠይቅም።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በስካቫተር ጥርስ
ተራራ ስገምስ፣ ተራራ ሳፈርስ፣
ለኮንዶሚኒየሙ ጠጠር ስጭንለት፣
ካባ ይሉት ነበር፤ እኔም ካባ አልሁት።
ካባ ያለብሳሉ ለተሾመ ጌታ፤
እኔን አቧራውን፣ ከጠዋት እስከ ማታ።

አንድ ሌሊት በሐምሌ ምንጩ ፈንድቶ ኖሮ፣
ጠዋት ስመጣ ውሃ፤ ጉድጓዱ ተቀይሮ።
ማሽኔን ከነክንዷ፣ ከነምሳ ዕቃዬ፣
ውሃ ውጧት አየሁ፣ ቆሜ ከነጫማዬ።

ኩባንያው ነቅሎ ሄደ። ብሎኩ ሰው ገባበት፤
ሳሎን የጠበበው ሁሉ ዳር ዳሩን ተኛበት።
ኮሚቴው ተሰብስቦ ስድስት በርሜል ገዛ፤
ጣውላ ቢመቱበት ጀልባ ሆነ እንደ ዋዛ።
‹ቁልፉን ለደቻሳ!› አሉ፤ ‹ዋና ስለማይችል፣
የትም አይደርስበት፣ ይዞት አይኮበልል።›

መስከረም ሲጠባ ልጆች ይሰለፋሉ፤
ሃይላንድ በሲባጎ ደረታቸው ላይ ያስራሉ፤
አምስት ባዶ ጠርሙስ አንድ ነፍስ ይይዛል፤
(ባለሁለት ሊትሩ ወፍራምም ይሸከማል።)
ኅዳር ሲታጠን ጭሱ ውሃው ላይ ይተኛል፤
ከማዶ የሚቀዝፍ ሰው ድምፁ ብቻ ይመጣል።

ጥር የሙሽሮች ነው። ባለካሜራው ኤርምያስ
‹ወደ ኋላ! ወደ ኋላ!› ሲል፣ ቬሎዋ ሲርስ፣
ሚዜው ሱሪውን ጠቅልሎ ቀዛፊ ሲሆን፣
ሀምሳ ነው ካለቀሰች፣ ካልሆነ መቶ ድፍን።

ሁዳዴ ጭቅጭቅ ነው፤ መቶ አለቃ ልሳኑ
መንጠቆ ጥለው ይውላሉ ጨልሞ እስኪያልቅ ቀኑ።
‹ዓሣ ይበላል በጾም?› ‹አይበላም!› ይካረራል፤
ውሃው ውስጥ ዓሣ የለም፤ ሙግቱ ግን ያጠግባል።

ግንቦት ግን የኔ ወር ነው። ውሃው ሲሸሽ፣ ሲጎድል፣
መጀመሪያ ቢጫ ነጥብ፤ ቀጥሎ ክርን የሚመስል፤
በሳምንቱ ሙሉ ክንዷ ከውሃው ብቅ ይላል፣
መልሱን እንዳወቀ ተማሪ ‹እኔ! እኔ!› የሚል ይመስላል።
ልጆች ከዚያ ላይ ይዘላሉ፤ ‹ዘንዶ› ብለው ሰይመዋታል፤
ስሟ ሌላ እንደነበር ማን ይነግራቸዋል?
ማታ ቀዝፌ እጠጋለሁ፣ ሁሉም ሲገባ ቤቱ፤
ዝገቷን በመዳፌ ስነካው፣ ያው ነው እንደ ጥንቱ፣
ፀሐይ የዋለበት ብረት ትኩሳቱ።

ሰኔ የፈተና ነው። የብሎክ ዘጠኝ ልጆች
መሃል ሐይቅ ላይ ያጠናሉ፣
እዚያ ኔትወርክ አይደርስም ብለው።

ሐምሌ ማንም የለም። እትዬ ውድነሽ ብቻ፣
ጡረታ የወጡ ነርስ፣
በጃንጥላ፣ በወንድ ቦት ጫማ፣
ሰባት ዙር ለስኳራቸው፣ አንድ ለባላቸው ነፍስ።
‹ደቻሳ ጻፍልኝ!› ይሉኛል፣ ደብተሬን ዝናብ ሲያርስ።
እጽፋለሁ፦ ስምንት ዙር። ክፍያ፣ የለም።

ጳጉሜ ሦስት ዝናቡ የሩፋኤል ነው ተብሎ
ሰፈሩ ግልብጥ ይላል፣ ልብሱን ደረጃ ላይ ጥሎ።
የዚያን ቀን ቲኬት የለም።
ዘንድሮ እትዬ ውድነሽ ከውሃው ውስጥ ጠሩኝ፦
‹ና ግባ! ምን ታያለህ?›
‹ዋና አልችልም› አልኋቸው።
‹ማን ዋኝ አለህ?›

ልጆቹ ሃይላንድ አሰሩልኝ፣ አሥር ቆጥረው፣ እየሳቁ።
እስከ ጉልበቴ ገባሁ። እስከ ወገቤ። ከዚያ
ራሴ የቆፈርሁት መሬት እግሬን ከዳው።
ከታች፣ በጨለማው፣
ምሳ ዕቃዬ ሳይከፈት ተቀምጧል፤
ከላይ ሰማዩ ይዘንባል፣ ሰው ይንጫጫል፣
ውሃው እስከ ትከሻዬ መጥቶ ቆመ፣
ከበደኝ፣ ቀለለኝም።
ካባ ነው፣ አልሁ በልቤ።
ዛሬ ገና ደረብሁት።