የቅዳሜ ሥራ

ጌንት፣ ከቦዩ ዳር፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
መስኮቴ ጠባብ ነው፣ ግማሽ ጡብ፣ ግማሽ ሰማይ።
ማዳም ጎደሊቭ ወደ መጦሪያው ቤት የሄደች ለታ፣
በሬን በምርኩዟ ሁለቴ መትታ፣
ኦርኪዷን ሰጠችኝ፣ ከነሸክላው፣ ከነሰሃኑ፤
«ውሃ አታብዛባት፤ ይበቃታል» አለች «የመስኮት ብርሃኑ»።
ሌላ ምንም አላለችኝ።
ስለ እነሱ ምንም አልነገረችኝ።

እኔ የሌሊት ተረኛ ነኝ፣ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ፣
የጨርቅ እድፍ እንጂ የቅጠል እድፍ ያልተማርኩ አንባቢ።
በኅዳር ማለቂያ፣ ሲነጋ ስመለስ፣
ባዘቶ አገኘሁ ከቅጠሏ ብብት፣ ነጭ፣ ለስለስ።
ከፎጣዬ መስሎኝ በጥፍሬ ጫፍ ብነካው፣
እግር አወጣና ተራመደ፣ ያውም ሳይቸኩል፣ እንደ ባለቤት ሰው።

ሸማ የለበሰ ተባይ! በዓል ያለበት ይመስል፣
ከነልጅ ከነአክስቱ በአንጓዋ ሥር ተደርድሮ፣ ጭማቂዋን ሲመጥ፣ ሲያከፋፍል።
ከላይ አበባዋ ሐምራዊ ሙሽራ፣ ጉዱን ያልሰማች፤
ከታች ግን ቅጠሏ ጣት ይዛ አትለቅም፣ ማር ያንጠባጠቡባት ነች።

አንሶላ ቢሆን ኖሮ መላው ቀላል ነበር፦
ዘጠና ዲግሪ ሙቀት፣ ዱቄት ሳሙና፣ ከዚያ መደርደር።
አበባ ግን አይቀቀልም።
አበባ ግን አይጨመቅም።

አልኮል ገዛሁ፣ የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ በሳጥን፤
«ለቁስል ነው?» አለች ባለመድኃኒቷ፤ «ለእንግዶች ነው» ስላት፣ ዝም ብላ ቆጠረች መልሱን።
አንድ በአንድ ነካሁ።
ሸማው ርሶ ሲወልቅ ከውስጡ ገላ አየሁ፣
እንደ ሕፃን ድድ ሮዝ፤
እጄ ጥቂት ፈዘዝ።
ከዚያ ጠረግሁ።

ሠላሳ አንድ፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ።
አሥራ ዘጠኝ በሁለተኛው፤ ሌሊቱን በሕልሜ
ሦስት መቶ።
በሦስተኛው ከሸክላዋ አውጥቼ፣ ቅርፊቱን አራግፌ፣
ሥሯን በሳሙና ውሃ አጠብኩ፣ በመዳፌ ደግፌ፤
የበሰበሰውን ቆረጥኩ። ጤነኛው አምስት ነበር፣ አምስት ጣት፣
የሚጨብጠው የቸገረው የሽማግሌ እጅ ዓይነት።
በአራተኛው አንድም አልተገኘ።
በአምስተኛው ሰባት! ከየት? ከግድግዳው? ከመጋረጃው እጥፋት? ማን ጠርቶ አገናኘ?

እሑድ እሑድ መጦሪያው ቤት ስሄድ፣
«እንዴት ናት?» ትለኛለች፤ «አምራለች» እላለሁ፣ ምላሴ ውሸት ሲለምድ።
ለታመመ ሰው የታመመ አበባ ማን ያወራል?
ይልቅ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሾርባው ጨው ማነስ ይነገራል።

ጥር ላይ ግን እጄን ያዘችና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፣
አሸተተች። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ እስክትስል ሳቀች።
«አልኮል! አገኘሃቸዋ!»
«እነማንን?» አልኩ፤ ጆሮዬ ጋለ፣ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ።

«ሃያ ሁለት ዓመት ከእኔ ጋር ኖረዋል፤
ባሌ ያን ሸክላ ከገበያ ያመጣው ዕለት አብረው ገብተዋል።
እሱ ሞተ። ድመቷም። እነሱ አልሞቱም።
በየቅዳሜው እለቅማለሁ፤ አንዴም ጨርሼ አላውቅም፤
ብጨርስ ኖሮ ቅዳሜን ምን አደርገው ነበር? እንጃ፣ አላሰብኩትም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች፤
«ብነግርህ ትቀበላት ነበር?» አለች።
ዝም አልኩ፤ መልስ አልነበረኝም።
ስሟ ጎደሊቭ ነው፤ ብልጠት ግን አልጎደላትም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ዝናቡ መስኮቱን ያጥባል፤
ከግንዷ ጎን አዲስ ሥር፣ የክብሪት ራስ የሚያክል፣ ብቅ ብሏል፤
ከሥሩ አጠገብ ደግሞ፣ ሸማውን ተከናንቦ፣ አንድ።
ጥጤን አረጠብኩ።
«እንዴት አደርክ?» አልኩት መጀመሪያ፣ እንደ ወግ፣ እንደ ልማድ።